በዝናብ ቀን ወፍ የት ይገባል? ባሕር ዳር ላይ ስለዋለ አንድ የነሐሴ ጉብኝት የቀረበ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄው፦ «ባለፈው ነሐሴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአንድ ቀን የወፍ ምልከታ ጉብኝት ከፍለን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሄድን። በጀልባ ወደ ዘጌ ለመሻገር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ተገናኘን፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ፣ ነጎድጓድም ተከተለ። አስጎብኚያችን ጀልባውን ሰርዞ በሚኒባስ ወደ ፎገራ ወሰደን፤ እዚያም ከጭቃና ከጉም በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አላየንም። አንድ የወፍ ጎጆ ያለበት ረግረግ አጠገብ ስንደርስ ለፎቶ ትንሽ ቀረብ እንበል ብንለው እምቢ አለን። 7 ሰዓት ላይ ተመልሰን ምሳ በላን፤ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ዝናቡ ሲያባራ እኛ ክፍላችን ገብተን ሻንጣ እያዘጋጀን ነበር። ቀኑን ሙሉ የቆጠርነው 19 ዝርያ ብቻ ነው። በዝናብ ቀን ወፎች የት ይገባሉ? አስጎብኚው ነው ቀኑን ያበላሸብን ወይስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም? በጥር ብንመለስስ ይሻለናል?»

ምላሽ፦ ክቡር ጠያቂ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዤ መዞር ከጀመርኩ ብዙ ክረምት አልፏል፤ እርስዎ የገለጹት ዓይነት ቀንም ለእኔ እንግዳ አይደለም። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። አስጎብኚዎ ጀልባውን በመሰረዙና ከጎጆው በመከልከሉ ልክ ነበር። ወደ ፎገራ በመንዳቱ ተሳስቷል። ከሁሉ የከፋው ስሕተቱ ግን እርስዎ በአንድ ሐረግ አልፈውት የሄዱት ነው፤ ይኸውም ዝናቡ የሚያባራበትን ሰዓት ደጅ ሆኖ ከመጠበቅ ይልቅ እንግዶቹን ወደ ክፍላቸው መመለሱ ነው። ወፎቹ የትም አልሄዱም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከከተማው ሳይወጡ ብትቀመጡ ኖሮ ከ19 በላይ ታዩ እንደነበር አልጠራጠርም።

በጀልባው ላይ ብዙ አልቆይም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሰፊ ውኃ ቢሆንም ጥልቀቱ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም ተከታትሎ የሚመታ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። መብረቅ ሲጨመርበት ደግሞ በገላጣው ውኃ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባውና በውስጡ የተቀመጠው ሰው ነው። ነጎድጓድ እየሰማ እንግዳ ጭኖ የሚነሳ ጀልባ ነጂ ካጋጠመዎ እርስዎ ራስዎ አይሳፈሩ። የገንዘቡ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው፤ በክረምት ለሚደረግ ጉብኝት ጀልባው ቢቀር ክፍያው ምን እንደሚሆን ከመነሳት በፊት በጽሑፍ መስማማት ይገባ ነበር፤ ይህን አለማድረግ የሁለታችሁም ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ዝናብ ለወፍ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ዶፍና ካፊያ በወፍ ዘንድ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ዶፍ ሲወርድ አብዛኛው ወፍ ሥራውን አቁሞ ይቀመጣል፤ ቅጠሉ ወደበዛበት ቅርንጫፍ ገብቶ፣ ራሱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ፣ ላባውን በሰውነቱ ላይ አጣብቆ ውኃው እንዲንሸራተት ያደርጋል። የላባው ጥቃቅን ዘርፎች እርስ በርሳቸው እንደ ጥልፍ የተያያዙ በመሆናቸው ውኃ በቀላሉ አያሳልፉም፤ ወፉም ከጅራቱ ሥር ካለችው ዕጢ በምንቃሩ ቅባት እየወሰደ ላባውን ሲያሽ የሚውለው ይህ ጥልፍ እንዳይደርቅና እንዳይሰባበር ነው። ነገር ግን የአንዲት ትንሽ ወፍ ሰውነት ሙቀቱን ጠብቆ ለመቆየት ያለማቋረጥ ምግብ ይፈልጋል፤ ሙሉ ቀን ጾማ መዋል አትችልም። ስለዚህ ዶፉ ወደ ካፊያ እንደተለወጠ ወጥታ ትበላለች። የክረምት ቀን የሚባለውም በአብዛኛው የዶፍና የካፊያ መፈራረቅ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ላለው ተመልካች በቀን ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ንጋት የሆነ ያህል ነው።

ይህ ሲባል ሁሉም ወፍ ዝናብን በእኩል ይቀበለዋል ማለት አይደለም። ከዝናቡ ብዙ የሚጎዱት በሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው የሚውሉት ናቸው፤ ፀሐይ ምድሩን ካላሞቀችው ሽቅብ የሚነሳ አየር ስለማይኖር ጥንብ አንሳውም አባ ኮዳውም ክንፋቸውን አንጠልጥለው ዛፍ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ከዓባይ መውጫ በላይ ባለው የቤዛዊት ኮረብታ ላይ በጠራ ቀን ሰማዩን ሲዞሩ የሚታዩትን አሞሮች በዝናብ ቀን ፍለጋ መውጣት ትርፉ ድካም ነው። ንብ በል ወፎችና ወንጭፊቶችም በራሪ ነፍሳት በዝናብ ስለማይንቀሳቀሱ ይቸገራሉ። በሐይቁ ላይ በአንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ ወደ ታች የሚወረወረው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ የዝናቡ ጠብታ የውኃውን ፊት ሲበሳሳበት ዓሣው ስለማይታየው አንገቱን ሰብሮ በደንገል አናት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኮርሞራንትና አንገተ ረጅሙ ዳርተር ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው፤ ጠልቀው ለመዋኘት እንዲመቻቸው ላባቸው ውኃ የሚቀበል በመሆኑ ከውኃ ሲወጡ ክንፋቸውን ዘርግተው ማድረቅ አለባቸው፤ ፀሐይ በሌለበት ቀን ይህ ሥራ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ለተመልካች ግን በጉቶ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ወፍ ከማግኘት የተሻለ ነገር የለም።

በአንጻሩ ዝናብ የሚያስደስታቸውም አሉ። ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የጎበጠው እንደ ጋጋኖ ያሉት ወፎች አፈሩ ሲርስ ትሉ ወደ ላይ ስለሚወጣላቸው በየሣሩ ሜዳ ተሰማርተው ይውላሉ። ራሱ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍ እንቁራሪት ከየጉድጓዱ ሲወጣለት በመንገድ ዳር ኩሬ ውስጥ እግሩን እያርገፈገፈ ሲያድን ይታያል፤ ይህ ወፍ ከጭራሮና ከጭቃ የሚሠራው ጣሪያ ያለው ጎጆ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ ስለሚችል በዛፍ ላይ የተረሳ የማገዶ ክምር መስሎዎት እንዳያልፉት። ሳቢሳውም ከብቱ እስካለ ድረስ ዝናቡን ከቁብ አይቆጥረውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ላሳይዎት የምፈልገው ግን አንዲት ትዕይንት ናት። በከተማው የሐይቅ ዳርቻ ደንገሉ ሳይመነጠር በቀረባቸው ቦታዎች፣ በሚንሳፈፈው ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቹ እየተራመደ የሚውል ጃካና የሚባል ወፍ አለ፤ ጀርባው ደረቅ ቡና መልክ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ያለው ነው። በዚህ ዝርያ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን ትጥልለትና ወደ ሌላ ወንድ ታልፋለች። ካፊያው ሲበረታ ወንዱ ጎንበስ ብሎ አንድ ድምፅ ያሰማል፤ ጫጩቶቹም ከየቅጠሉ ሥር እየሮጡ መጥተው በክንፉ ሥር ይገባሉ። ከዚያ ክንፉን ወደ ጎኑ ጨምቆ ሲነሳ ጫጩቶቹ አብረውት ይነሳሉ፤ ከክንፉ ሥር የሚታየው የእነርሱ ረጃጅም እግርና ጣት ብቻ ነው። አንድ ወፍ ስድስትና ስምንት እግር አብቅሎ በቅጠል ላይ ሲሄድ ማለት ነው። ይህን ያየሁት በጠራ ቀን በጀልባ ስከንፍ አይደለም፤ በነሐሴ ዝናብ በአንድ የሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ሻዬ እየቀዘቀዘ ነው።

ስለ ፎገራ የሰጠሁትን ፍርድ አሁን ላብራራ። ከባሕር ዳር በፎገራ ሜዳ ላይ እስካለችው ወረታ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስጎብኚዎ ወደዚያ የነዳው ፎገራ ክሬን በሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎቹ ስለሚታወቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ክሬኖቹን በብዛት የምናየው ግን ሩዙ ከታጨደ በኋላ ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ያኔ ከሰሜን የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች በቃርሚያው ማሳ ላይ በመንጋ ይሰማራሉ። በነሐሴ እነዚህ መንጎች በአገራችን የሉም። ያሉት ጥቁር ባለዘውዱ ክሬንና በአገጩ ሥር ሁለት ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቁ ክሬን ናቸው፤ እነርሱም በዚህ ወቅት መንጋቸውን ትተው ጥንድ ጥንድ ሆነው በረግረግና በረጅም ሣር ውስጥ ለመራባት ተበታትነዋል። በዚያ ላይ የፎገራ ሜዳ መረሬ አፈር ሲርስ ጫማ ይነጥቃል፤ ከአስፋልቱ መውጣት አይቻልም፤ ርቀቱም በዝናቡ መጋረጃ ይዘጋል። ስለዚህ ሜዳው በጣም ሰፊ፣ ወፎቹ በጣም ጥቂት፣ ዕይታው በጣም አጭር በሆነበት ቀን ሦስት ሰዓት በመኪና ውስጥ አሳለፋችሁ። በዝናብ ቀን መኪና ውስጥ ያለፈ ሰዓት ከምልከታው የተቀነሰ ሰዓት ነው፤ ካፊያው ሲመጣ መስታወቱ በእስትንፋስ ደፍኖ ከርሟልና።

ጎጆውን በተመለከተ ግን አስጎብኚዎን ሊያመሰግኑት ይገባል። በረግረግ መካከል የነበረው የጥቁር ባለዘውዱ ክሬን ጎጆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወፍ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት ዝርያዎች አንዱ ነው። ጥንዶቹ በሣርና በደንገል ክምር ላይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንቁላል ጥለው ለአንድ ወር ገደማ እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። በጠራ ቀን ታቃፊዋን ወፍ ለአምስት ደቂቃ ማስነሳት ምናልባት ጉዳት ላያስከትል ይችላል፤ በዝናብ ቀን ግን እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ገና ላባ ያላወጣ ጫጩትም ከረሰ ሙቀቱን ራሱ መመለስ አይችልም። በተጨማሪም እናንተ ስትርቁ በእናንተ ዱካ የሚመጣ ቁራ አለ። ፎቶ ለማንሳት ወደ ጎጆ የሚያስጠጋ አስጎብኚ ለእንግዳው ደግ መስሎ የሚታይ፣ ለሥራው ግን የማይታመን ሰው ነው። በስልክ የወፍ ድምፅ እያሰሙ ወፉን መጥራትም በክረምት መራቢያ ወቅት ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ይወጣልና።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት? መልሱ በጣም ቀላል በመሆኑ ለከፋይ እንግዳ መንገሩ ያሳፍራል፤ መቀመጥ ነበረበት። በባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ ጣሪያ ያለው፣ ከፊቱ ደንገል ወይም ገላጣ ውኃ፣ ከጎኑ ፍሬ የያዘ ሾላ ወይም ዋርካ ያለው በረንዳ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ዛፉ ነው። ሾላ ፍሬው ሲበስል ዝናብ ሆነ ፀሐይ ደንበኛው አይቋረጥም፤ አረንጓዴ እርግቦች፣ ምንቃረ ወፍራም ባርቤቶች፣ ከሁሉም በላይ በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ቆብ የተሸከመው ጉንጨ ብርማ ሆርንቢል ይመጣሉ። ሆርንቢሉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ በክንፉ ላባዎች መካከል አየር ሲያልፍ የሚወጣው የከባድ ትንፋሽ ዓይነት ድምፅ በዝናብ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። አንድ ፍሬ በምንቃሩ ጫፍ ይቆርጥና ራሱን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ ወደ ጉሮሮው ይጥለዋል፤ ይህን ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሲያደርግ ዛፉን አይለቅም። አስጎብኚ ሥራው ከእንግዳው መምጣት በፊት በነበሩት ቀናት የትኛው ሾላ እንደበሰለ አውቆ መጠበቅ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ዝናብ ሲመጣ የሚተርፈው ነገር የመኪና ቁልፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የክረምቱ ኃይለኛ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ጠዋቱ ደመናማ ቢሆንም ለሥራ ይበቃል፤ እናንተን የገጠማችሁ ጠዋት የጀመረ ዝናብ ከተለመደው ወጣ ያለ ነበር። ጠዋት የጀመረ ዝናብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ በሆነ ሰዓት ላይ ይተነፍሳል፤ ያችን ሰዓት ነው መጠበቅ የሚገባው። ዝናቡ ባባራ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ የሚሆነውን ያላየ ሰው የክረምት ወፍ ምልከታን አየሁ ማለት አይችልም። በቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ሁሉ ላባውን ለማድረቅ ወደ ደረቅ ቅርንጫፎች ጫፍ ይወጣል፤ በሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት አንገትዎን አቅንተው የሚፈልጉት ወፍ ራሱ ወጥቶ ክንፉን እያራገፈ ይጠብቅዎታል። ክፍት ሰማይ ከታየ ደግሞ ከመሬት ስንጥቅ አሸን ይፈላል። «እንደ አሸን ፈላ» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አሸኑ ሲፈላ በዙሪያው የሚሰበሰበውን ግን ብዙ ሰው ቆሞ አይቶት አያውቅም። ጭልፊቱ በአየር ላይ እያለ በእግሩ ይዞ ወደ አፉ ያደርሳል፤ ወንጭፊቱ ይቆራርጣል፤ ቁራው መሬት ላይ ቆሞ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ዘር በል የሚባሉት ትናንሽ ወፎች እንኳ ለዚያ ቀን ሥጋ በል ይሆናሉ።

ይህን ትምህርት እኔም ያገኘሁት ተሳስቼ ነው። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት አራት እንግዶች ይዤ ከጠዋት እስከ 7 ሰዓት በአንድ ሾላ አጠገብ ስንጠብቅ ዝናቡ አላባራ ቢለን፣ ረኃቡም ስለበረታ፣ ዓሣ ጥብስ ወዳለበት ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ምግቡ ዘገየ፤ ከቆርቆሮው ላይ የሚሰማው ድምፅ ሲሳሳ ይሰማኛል፤ ነገር ግን የታዘዘ ምግብ ትቶ መነሳት አፈርኩ። ስንመለስ በግቢው በር ላይ ያገኘኋቸው አዛውንት ጥበቃ፣ «ልጄ፣ እንግዶችህን ይዘህ የት ጠፋህ? አሁን እዚህች ሾላ ላይ ያልነበረ ወፍ የለም» አሉኝ። «ምን ምን ነበር አባባ?» ብላቸው በእጃቸው የአንዱን የምንቃር ርዝመት፣ የሌላውን የጅራት አሠራር እያሳዩ ሲነግሩኝ እንግዶቼ ምን እንደሚሉ ጠየቁኝ። አልተረጎምኩላቸውም። ከዚያ ወዲህ በክረምት ምሳ በላስቲክ ታስሮ አብሮን ይሄዳል።

ዘጌን ስላላያችሁ የቀረባችሁን ነገር በትክክል እንድትገምቱት ጥቂት ልበል። የዘጌ ልሳነ ምድር በገዳማቱና በነዋሪው ጥበቃ የቆየ፣ ከላይ ትልልቅ ዛፍ ከሥሩ ቡና ያለበት ደን ነው። ዶፍ ሲወርድ ገብታችሁ ቢሆን ኖሮ አንዳች አታዩም ነበር፤ ዝናቡ ቆሞም ቢሆን ደኑ ለተጨማሪ ሰዓት ይንጠባጠባል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ሲነቃነቅ ዓይን ወፍ መስሎት ይሮጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጠቅመው ጆሮ ነው። ከዛፉ አናት የሚወርድ ከጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ ጩኸት ስትሰሙ ቆማችሁ ብትጠብቁ፣ አረንጓዴ ወፍ በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ሲሮጥ ታዩና ድንገት ሲነሳ ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል፤ ይህ ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ነው። ቀለሙ መዳብ ካለበት ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር የሚገኝ ነው፤ ብዙ እንግዶችም ዝናብ ያጥበዋል ሲባል ሰምተው ይጠይቁኛል። ቀለሙ እንደ ሳሙና ባለ አልካላይ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ መሆኑ እውነት ነው፤ የዘጌ ዝናብ ግን ሳሙና ስላልሆነ ወፉ ክረምቱን ሙሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ከቢጫ ግንባሩ በቀቀንና ከጥቁር ክንፉ ትንሽ በቀቀን ጋር ሦስቱ ዘጌን ለማየት ከሚያበቁት ናቸው፤ ሦስቱም ግን ዓመቱን ሙሉ ስለሚኖሩ የቀሩባችሁ ለዚያ ቀን ብቻ ነው።

ስለ መሣሪያ አጭር ነገር ልጨምር፤ ብዙ የዝናብ ቀን የሚበላሸው በወፍ እጦት ሳይሆን በደፈነ ባይኖኩላር ነው። የሚደፍነው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በኩል ሳይሆን ከዓይን በኩል ባለው መስታወት ነው፤ የፊት ሙቀትና እስትንፋስ ነው የሚያደፍነው። ስለዚህ ሲያዩ እስትንፋስዎን ወደ ታች ይልቀቁ፣ ሳያዩ ሲቀሩ መሣሪያውን ከልብስዎ ውጭ አንጠልጥለው የዓይን መክደኛውን ያድርጉ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግ መስታወቱን ይቧጭራል፤ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በደረቅ ፌስታል ይያዙ። ማታ ላይ እርጥብ ባይኖኩላር በቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ማሳደር ሻጋታ መጋበዝ ስለሆነ አየር በሚያገኘው ቦታ ያሳድሩት። ማስታወሻዎን በእስክርቢቶ ሳይሆን በእርሳስ ይጻፉ፤ እርሳስ በረጠበ ወረቀት ላይ አይፈስም። ጃንጥላ ደግሞ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ የተናቀ ቢሆንም እኔ ከዝናብ ካፖርት አስበልጠዋለሁ፤ በካፖርቱ ቆብ ላይ የሚያርፈው ጠብታ ጆሮን ይደፍናል፤ ጃንጥላ ግን ሁለቱንም ጆሮ ነጻ ያደርጋል።

በመጨረሻ ጥርን በተመለከተ። በጥር ቢመጡ ሰማዩ ይጠራል፣ ጀልባው ይሄዳል፣ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ዳክዬዎችና የባሕር ዳርቻ ወፎች በየረግረጉ ይሞላሉ፣ የፎገራም ክሬኖች በመንጋ ይገኛሉ፤ ቁጥር ከፈለጉ ጥር ይበልጣል፤ በአንድ ጠዋት ከ19 እጅግ የሚበልጥ ዝርያ መቁጠር ይችላሉ። ነገር ግን በጥር ያሉት አንዳንድ ወፎች በነሐሴ የነበሩት አይመስሉም። በክረምት በረጅም ሣርና በማሽላ ላይ እንደ ፍም የሚያበራው ቀይ ቢሾፕ፣ ጀርባውን አሳብጦ እንደ ጢንዚዛ እየተርገበገበ ከአገዳ ወደ አገዳ የሚበረው፣ በበጋ ቀዩን ልብሱን አውልቆ ከሴቶቹ የማይለይ ቡናማ ድንቢጥ መሳይ ይሆናል። ሸማኔ ወፉም እንዲሁ ነው። በክረምት ወንዱ አረንጓዴ ሣር እየሰነጠቀ በውኃው ላይ በተዘረጋ ቅርንጫፍ ጫፍ ጎጆውን ይጎነጉናል፤ በሩ ወደ ታች የሚያይ ስለሆነ ዝናብ አይገባበትም። ሠርቶ ሲጨርስ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል፤ እርሷም ገብታ በምንቃሯ እየጎተተች ትፈትሻለች። ካልወደደችው ትወጣለች፤ ሣሩ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ጎጆው ዋጋ ስለሌለው ራሱ አፍርሶ በአዲስ ሣር ይጀምራል። አሮጌውን ቡናማ ጎጆና አዲሱን አረንጓዴ ጎጆ በአንድ ዛፍ ላይ አይቶ የትኛው ዛሬ እንደተሠራ መለየት ከነሐሴ እስከ መስከረም የሚገኝ ደስታ ነው።

ስለዚህ ሥራዎ ከፈቀደልዎ ጥርንም ነሐሴንም ትተው ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ይምጡ። ያኔ ሐይቁ ከዓመቱ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ደርሶ ረግረጉ ሁሉ ውኃ ይዟል፤ ቀይ ቢሾፕ ገና ልብሱን አልለወጠም፤ ከሰሜን የሚመጡትም መግባት ጀምረዋል። ዝናብ ግን ጨርሶ አይቀርም፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አጭር ዶፍ ይጠብቁ። ጉብኝቱን ሲይዙ አስጎብኚውን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ «በዚህ ሳምንት የበሰለው የትኛው ሾላ ነው?» ይበሉት። ወዲያው የቦታውን ስም ከነገረዎ ይክፈሉት።